የእብድ ውሻ በሽታን ሥርጭት በዘረመል ሲከታተሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የእብድ ውሻ በሽታ በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰዎችን እንደሚገድል ይገመታል፤ ከእነዚህም እጅግ የሚበዙት የሚሞቱት በውሻ ተነክሰው ነው። ቫይረሱ ከውሻ ወደ ውሻ ሲተላለፍ በዘረመሉ ላይ ጥቃቅን ለውጦች ስለሚጠራቀሙ፣ ከሞቱ ውሾች አንጎል የተገኙ ቫይረሶችን በማነጻጸር በሽታው ከየት እንደ መጣና በየት በኩል እንደ ተጓዘ መከታተል ይቻላል። ይሁን እንጂ ውጤቱን አጣሞ ያነበበ ሰው ያለችውን ጥቂት ክትባት ወደማያስፈልግበት ቦታ ሊልክ ስለሚችል፣ በዚህ ሥራ ላይ ያሉ የእንስሳትና የሰው ጤና ባለሙያዎች የሚከተሉትን ስህተቶች ቢያውቋቸው ይበጃል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስተው፣ በሁለት ውሾች ውስጥ አንድ ዓይነት ቫይረስ ስለ ተገኘ ብቻ አንዱ ሌላውን ነክሷል ብሎ መደምደም ነው። የቫይረሱ ጄኖም፣ ማለትም ሙሉው የዘረመል ጽሑፉ፣ ወደ 12,000 የሚጠጉ ፊደላት አሉት፤ ከእነዚህ መካከል በዓመት ውስጥ የሚለወጡት በአማካይ ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ናቸው። አንድ ውሻ ከተነከሰበት ቀን አንሥቶ ታምሞ ሌላውን እስኪነክስ ድረስ የሚያልፈው ጊዜ ደግሞ ብዙውን ጊዜ አንድ ወር ቢሆን ነው። ስለዚህ በአብዛኛው ቫይረሱ አንዲት ፊደል እንኳ ሳይለወጥበት ይተላለፋል፤ በአንድ ወረዳ በአንድ ሰሞን የታመሙ በርካታ ውሾችም ፍጹም ተመሳሳይ ቫይረስ ሊገኝባቸው ይችላል። የዘረመል ማስረጃ የሚበረታው በተቃራኒው አቅጣጫ ነው፤ በሠላሳ ፊደላት የሚለያዩ ሁለት ቫይረሶች ባለፉት ጥቂት ወራት ከአንድ ውሻ አልመጡም ብሎ በልበ ሙሉነት መናገር ይቻላል። ማን ማንን እንደ ነከሰ ለማወቅ ግን መንደር ለመንደር እየዞሩ የውሻውን ባለቤትና የተነከሱትን ሰዎች ከመጠየቅ፣ ቀኑንና ቦታውንም ከመመዝገብ ሌላ አቋራጭ የለም። በታንዛኒያ በሴሬንጌቲ አካባቢ በእብድ ውሻ በሽታ ላይ ለብዙ ዓመታት የተካሄደው ጥናት የሚታመነው ይህን አድካሚ የመስክ ሥራ ስለያዘ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከዚሁ ጋር የሚዛመደው ስህተት የጄኖሙን ቁራጭ ብቻ አንብቦ የሰፈር ጥያቄ ለመመለስ መሞከር ነው። ብዙ ቤተ ሙከራዎች የሚያነቡት ከጄኖሙ ክፍሎች አንዱ የሆነውን የኤን (N) ዘረመልን ወይም የእርሱን ከፊል ነው። ይህ ዘረመል 1,350 ያህል ፊደላት ብቻ ስላሉት በእርሱ ላይ አንድ ለውጥ እስኪታይ በአማካይ ከሦስት ዓመት በላይ ሊፈጅ ይችላል። ቫይረሱ ከየትኛው አህጉራዊ ዝርያ እንደሆነ ለመለየት በቂ ነው፤ ሁለት አጎራባች ወረዳዎች በሽታውን ተለዋውጠው እንደሆነ ለማወቅ ግን ሙሉውን ጄኖም ማንበብ ያስፈልጋል።

በሽታው ጠፋ ከተባለበት ቦታ እንደገና ሲታይ «ክትባቱ አልሠራም» ብሎ መፍረድም በሕዝብ ላይ ብዙ ጉዳት ያደርሳል። የታንዛኒያዋ የፔምባ ደሴት ታሪክ እዚህ ላይ ጥሩ መምህር ነው። በደሴቲቱ ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አምስት የመተላለፍ ሰንሰለቶች (ከውሻ ወደ ውሻ የሚቀጥሉ የቫይረሱ መስመሮች) ጎን ለጎን ይዘዋወሩ እንደነበር፣ ሁሉም በ2014 እ.ኤ.አ. እንደ ተቋረጡ የሙሉ ጄኖም ንባብና የመስክ ክትትል በአንድነት አሳይተዋል። ከዚያ በኋላ የውሾች ክትባት ተስተጓጎለ፤ በ2016 እ.ኤ.አ. መጨረሻም በሽታው ተመለሰ። የተመለሰው ቫይረስ ግን ተደብቆ የቆየው አሮጌው አልነበረም፤ ሁለት ጊዜ ለየብቻ ከውጭ የገባ ነበር። ይህ ልዩነት የሚወሰደውን እርምጃ ይለውጣል፤ አሮጌው ሰንሰለት ቀጥሎ ቢሆን ኖሮ በዘመቻው ሳይከተቡ የቀሩትን መንደሮች መፈለግ ይገባ ነበር፤ ከውጭ ከገባ ግን ክትባቱን ሳያቋርጡ መቀጠልና ወደ ደሴቲቱ የሚገቡ ውሾችን መቆጣጠር ያሻል። ደሴቲቱን ያዳረሰው ክትባት እንደገና ሲጀመር ወረርሽኙ በ2018 እ.ኤ.አ. ቆመ።

ናሙና በብዛት የተሰበሰበበትን ቦታ የበሽታው ምንጭ አድርጎ መቁጠርም የተለመደ ነው። ወደ ቤተ ሙከራ የሚደርሰው አንጎል አብዛኛውን ጊዜ ሰው ነክሶ የተገደለ፣ ያውም ለከተማና ለመኪና መንገድ የቀረበ ውሻ አንጎል ነው፤ ራቅ ባለ ገጠር የሞተው ውሻ አይቆጠርም። በዚህ ምክንያት የዘረመሉ የዘር ሐረግ በሽታው ከከተማ ወደ ገጠር እንደ ተጓዘ ቢያሳይ፣ በቅድሚያ መጠየቅ ያለበት ከገጠሩ ስንት ናሙና እንደ መጣ ነው።

ርቀትን በካርታ ላይ በቀጥታ መስመር መለካትም አያዋጣም። ያበደ ውሻ በእግሩ የሚደርስበት ቦታ የተወሰነ ነው፤ ገና ያልታመመ ነገር ግን የተነከሰ ውሻ ግን በመኪናና በጀልባ ከባለቤቱ ጋር ሩቅ ይሄዳል። በአልጄሪያና በሞሮኮ የተደረገ የዘረመል ጥናት የቫይረሱን ጉዞ ከቀጥታ ርቀት ይልቅ የመኪና መንገድ ርቀት በተሻለ እንደሚያስረዳ አሳይቷል።

የዱር እንስሳትን ያለ ማስረጃ መወንጀል ለእኛ አገር አንባቢ ቅርብ ጉዳይ ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. በባሌ ተራሮች በሽታው ተነሥቶ በዌብ ሸለቆ ከነበሩት ቀይ ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉን ሲጨርስ፣ የቫይረሱ ዘረመል ያመለከተው በአካባቢው ወደሚኖሩት የቤት ውሾች ነበር። ስለዚህ በዚያ ሥፍራ የከብት ጠባቂውን ውሻ መከተብ ቀይ ቀበሮንም መጠበቅ ነው።

በቤተ ሙከራ ውስጥ ደግሞ አንድ ላይ የተሠሩ ናሙናዎች ተበካክለው ተመሳሳይ መስለው ሊታዩ ይችላሉ፤ ስለዚህ ባዶ መቆጣጠሪያ ናሙና፣ ማለትም ቫይረስ የሌለበት ናሙና፣ ሁልጊዜ አብሮ መሠራት አለበት። ያልተነበበ ፊደልም እንደ ለውጥ ወይም እንደ ተመሳሳይነት ሊቆጠር አይገባም። ቀንና ቦታ ያልተጻፈበት ናሙና ምንም ያህል በጥራት ቢነበብ ለክትትል ሥራ ጥቅሙ እጅግ ትንሽ ነው።

የመጨረሻው ስህተት የዘረመል ውጤት እስኪደርስ ድረስ መዘግየት ነው። ንባቡ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል፤ የተነከሰ ሰው ግን ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በብዙ ውኃ ለ15 ደቂቃ ያህል ታጥቦ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መሄድና ክትባት መጀመር አለበት፤ የምልክቶቹ መታየት ከተጀመረ በኋላ በሽታው ማለት ይቻላል ሁልጊዜ ይገድላልና። በአካባቢው ያሉ ውሾችን መከተብም የቫይረሱ የዘር ሐረግ እስኪታወቅ አይጠበቅም።