ፕላስቲክ ሞዴል ስንሠራ ኪቱን የሚያበላሹብን ስህተቶች

አዲስ አበባ ውስጥ የሞዴል ኪት፣ ማለትም ገጣጥመንና ቀብተን ትንሽ አውሮፕላን ወይም መኪና የምናደርገው የፕላስቲክ ክፍሎች ሳጥን፣ እንደ ልብ አይገኝም። ብዙዎቻችን ጋ የሚደርሰው ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ነው። አንዱ ከተበላሸ ሱቅ ወርዶ ሌላ መግዛት የለም። ፒያሳና አራት ኪሎ አካባቢ ያለን ሰዎች እሁድ እሁድ አብረን ስንሠራ ደጋግሜ የማያቸውን ስህተቶች የምጽፈው ለዚህ ነው። አንዳንዶቹ ቁራጭ ፕላስቲክ ላይ ቀድሞ በመሞከር ብቻ የሚቀሩ ናቸው።

የመጀመሪያው፣ የሳጥኑን ሥዕል ብቻ አይቶ ማዘዝ ነው። ልኩን እዩ። 1/72 ማለት እውነተኛው 72 ሴንቲ ሜትር ሞዴሉ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ ሥራ የጀመረባት ሲ-47 ክንፏ ከጫፍ ጫፍ 29 ሜትር ገደማ ነው፤ በ1/72 ወደ 40 ሴንቲ ሜትር ትሆናለች፣ ቡፌ ላይ ትቀመጣለች። ድሪምላይነር 787 ግን ክንፉ 60 ሜትር ስለሆነ በዚሁ ልክ ከ80 ሴንቲ ሜትር ያልፋል። ትልልቅ የመንገደኛ አውሮፕላኖች ብዙ ጊዜ በ1/144 የሚመረቱት ለዚህ ነው። በቡድን የምትሠሩ ከሆነ ከማዘዛችሁ በፊት በአንድ ልክ ተስማሙ፤ አለዚያ ትንሿ ሲ-47 ከድሪምላይነሩ እኩል ሆና ትቆማለች፣ ያንን ደግሞ ማንም አያምንም።

ሳያጥቡ መጀመርም አለ። ፕላስቲኩ ላይ ከፋብሪካ የቀረ ቅባት ሊኖር ይችላል፣ ቀለሙ አይዝም። ለብ ባለ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና እጠቡት፣ ይድረቅ። በቃ።

ክፍሎቹን ተያይዘው ከሚመጡበት የፕላስቲክ ፍሬም በእጅ አጣሞ መገንጠል ደግሞ ያሳዝነኛል። ቦታው ይቦደሳል ወይም ነጭ ሆኖ ይቀራል። ከክፍሉ ትንሽ ራቅ አድርጋችሁ በመቁረጫ ቁረጡ፣ የቀረውን በምላጭ፣ ከዚያ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ውሃ እያስነካችሁ ጨርሱት። ውሃው ብናኙን ይይዘዋል፣ ሳንባችሁም ይተርፋል።

ሙጫ ላይ ብዙ እንሳሳታለን። ዋናው የሞዴል ሙጫ የሚሠራው ሁለቱን ገጽ ትንሽ አሟሙቶ አንድ በማድረግ ነው። ስለዚህ ቀለም በተቀባ ገጽ ላይ አይዝም፤ መገጣጠሚያውን ፍቃችሁ ፕላስቲኩን አውጡት። ሲበዛ ደግሞ ክፍሉን ራሱን ያቀልጠዋል። ሱፐር ግሉ ሌላ ነው፣ ከላይ ይይዛል እንጂ አያሟሟም። መስኮት ላይ ግን ፈጽሞ አትጠቀሙበት። ትነቱ መስታወቱን ነጭ ጉም ያለብሰዋል። ለመስኮት ነጭ ኮላ በስቴኪኒ ጫፍ ጠብ አድርጉ፣ ሲደርቅ ጥርት ይላል። የትኛውንም ሙጫ ከመንካታችሁ በፊት ክፍሎቹን ያለ ሙጫ አገጣጥማችሁ እዩ። ክፍተት ካለ ያኔ ታዩታላችሁ።

ትልቁ ጥፋት ቲነር ነው። ለመኪና ቀለም የሚሸጠው ቲነር፣ አሴቶንም ጭምር፣ ሞዴሉ የተሠራበትን ፖሊስታይሪን ይበላዋል። የመኪና ስፕሬይም በአንዴ በወፍራሙ ከተረጨ ገጹን ሊሰነጣጥቀው ይችላል። መጀመሪያ ባዶ የቀረው ፍሬም ላይ ሞክሩ፣ ይድረቅ፣ ከዚያ ወስኑ።

አንዴ ለብጦ ለመገላገል መቸኮልም አለ። ወፍራም ቀለም ያ ሁሉ የተለፋበትን ጥቃቅን መስመር ይሞላዋል። ሁለት ሦስት ስስ ቅብ ይሻላል፣ በመካከሉ እያደረቃችሁ። ክረምት ላይ ደግሞ እርጥበቱ ሲበዛ አንዳንድ ስፕሬይና ቨርኒሽ ነጣ ያለ ጉም ያወጣል፤ ዝናቡ አባርቶ አየሩ እስኪደርቅ ጠብቁ። በጋ ላይ በተቃራኒው በውሃ የሚቀጥነው አክሪሊክ ብሩሹ ላይ ሳለ ይደርቃል፣ ጠብታ ውሃ ጨምሩበት። አሁን መሀል ከተማው ግንባታ በግንባታ ስለሆነ አቧራው አያድርስ ነው። የቀባችሁትን ወዲያው ንጹሕ ሳፋ ድፉበት።

ይህን ግን ጠበቅ አድርጌ ልናገር። ከሰል ተቀጣጥሎ ቡና በሚፈላበት ክፍል ስፕሬይ አትርጩ፣ ቲነርም አትክፈቱ። ትነቱ እሳት ይይዛል። መስኮት ክፈቱ፣ ልጆችን አርቁ፣ ለኬሚካል ትነት የተሠራ ማስክ አድርጉ። ተራው የአፍ መሸፈኛ ትነት አያስቀርም።

ምልክቶቹን፣ ማለትም በውሃ ነክረን የምንለጥፋቸውን አርማና ባንዲራ፣ በደረቅ ሻካራ ቀለም ላይ መለጠፍ ሌላው ነው። ከሥር አየር ይቀርና ብር መስሎ ያብረቀርቃል። መጀመሪያ አንጸባራቂ ቨርኒሽ ቀቡ፣ ከዚያ ለጥፉ፣ ማደብዘዣውን ቨርኒሽ በመጨረሻ።

በአፍንጫ ጎማ የሚቆም አውሮፕላን ከሆነ አካሉን ገጥማችሁ ከመዝጋታችሁ በፊት አፍንጫው ውስጥ ክብደት ክተቱ። ድሪምላይነሩ ያለሱ በጅራቱ ይቀመጣል። ሲ-47 ግን ጅራቷ ሥር ጎማ ስላላት አያስፈልጋትም።

ቀለም ከጭንቅላት ማውጣትም ይብቃን። ሰማያዊና ነጩን ሚኒባስ ልትሠሩ ነው? ለገሃር ሂዱና እውነተኛውን እዩት። ጣሪያው ፀሐይ መትቶት ደብዝዟል፣ ከጎማው በላይ ጭቃው ደርቋል፣ በሩ ስንት ጊዜ ተጠግኖ በሌላ ሰማያዊ ተለቅልቋል።

ደግሞ ዘመድ ላይ ሸክም አታብዙ። የሚቀጣጠል ሙጫ፣ ቲነርና ስፕሬይ በተሳፋሪ ሻንጣ አይፈቀድም፣ ኤርፖርት ላይ ይወሰድበታል። በውሃ የሚቀጥን አክሪሊክ አስመጡ፣ ቀለሞቹንም ተከፋፍላችሁ እዘዙ፣ ሁላችሁም አንድ ዓይነት ጥቁር እንዳታስመጡ።