የድሮው አምፕ ሲያስቸግር፦ ድምፁን ሰምቶ ብልሽቱን ማግኘት

ባሕር ዳር ውስጥ በየቡፌው ላይ ዳንቴል ለብሶ የተቀመጠ የድሮ አምፕሊፋየር ሞልቷል። "ሞቷል" ከሚባሉት ብዙዎቹ ግን አልሞቱም። ቆሽሸዋል፣ የሐይቁ እርጥበት ኮንታክታቸውን አበላሽቶታል፣ ወይ ኮንደንሰራቸው (ቻርጅ የሚያጠራቅመው ክፍል) ደርቋል። ስለዚህ ዕቃ ለመግዛት አትሩጡ፣ መጀመሪያ ምልክቱን አጥኑት።

ከመክፈታችሁ በፊት እስፒናውን ንቀሉ፤ በቁልፍ ማጥፋት አይበቃም። ትልልቆቹ ኮንደንሰሮች ከተነቀለም በኋላ ቻርጅ ይዘው ይቆያሉ። በካቻቢቴ አገናኝቶ ማፈንዳቱን ተዉት። 100 ኦም 5 ዋት ሬዚስተር እጀታው ጎማ በሆነ ፒንሳ ይዛችሁ በሁለቱ እግሮች መካከል ለጥቂት ሴኮንድ አቆዩ፣ ከዚያ ዜሮ መድረሱን በመልቲሜትር አረጋግጡ።

ዘመድ ከአሜሪካ ወይም ከጃፓን የላከው ከሆነ ደግሞ ጀርባውን አንብቡ። 120 ወይም 100 ቮልት የሚል ዕቃ ያለ ትራንስፎርመር የኛ 220 ላይ ከተሰካ አለቀለት።

ቮሊዩም ሲዞር ይንኮሻኮሻል

ቀላሉ ችግር ይሄ ነው። ከቁልፉ ጀርባ ያለው ተለዋዋጭ ሬዚስተር፣ ፖቴንሽዮሜትሩ፣ ውስጥ አቧራና ዝገት አለ። የኮንታክት ማጽጃ ስፕሬይ በጎኑ ባለችው ክፍተት ትንሽ ነፉና ቁልፉን ከጫፍ ጫፍ ደጋግማችሁ አዙሩት። የባላንሱንና የቶኑንም እንደዚያው። የመኪና ዘይትና ቅባት አታስነኩት።

አንዱ ጎን ድምፅ የለውም

የስፒከሮቹን ገመድ አቀያይሩ። ዝምታው ከስፒከሩ ጋር አብሮ ከሄደ አምፑ ነፃ ነው። ቮሊዩም ከፍ ስታደርጉ ወይም ክዳኑን መታ ስታደርጉት ብቅ የሚል ከሆነ ጥፋተኛው ብዙ ጊዜ ሪሌው፣ አምፑን ከስፒከሩ ጋር የሚያገናኘው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ነው፤ ኮንታክቱ ጠቁሯል። አልኮል የነካ ቁራጭ ወረቀት በመሀሉ ሳብ ሳብ ማድረግ ለጊዜው ይሠራል፣ አዲስ መቀየር ግን ይሻላል። ሁለቱም ጎን ጭጭ ካለ ደግሞ "ቴፕ ሞኒተር" የሚለው ቁልፍ ተጭኖ እንደሆነ እዩ። ለዚህ ብቻ ጥገና ቤት ስንት አምፕ ይሄዳል መሰላችሁ!

ያጉረመርማል

ቮሊዩሙን ዜሮ አድርጉ። ጉርምርምታው ካልቀነሰ የፓወር ኮንደንሰሮቹን ጠርጥሩ። አናታቸው ያበጠ ወይም ከስራቸው ፈሳሽ የወጣ ካለ ማስረጃው ያ ነው፤ ሳያብጥ የሚደርቅም አለ። ከቮሊዩሙ ጋር የሚጨምር የሚቀንስ ከሆነ ግን ችግሩ ከግቤቱ በኩል ነው፦ ገመዱ፣ መሰኪያው ወይም ግራውንዱ። አዲስ ኮንደንሰር ስትገዙ ማይክሮፋራዱ ያው ይሁን፣ ቮልቱ እኩል ወይም ከፍ ያለ፣ ሙቀቱ 105 ዲግሪ የሚል። ፕላስና ማይነሱን ማገላበጥ ያፈነዳዋል።

ፊውዝ ይበላል፣ ወይም ሪሌው "ቀጭ" አይልም

ወፍራም ሽቦ አስሮ መሞከር እሳት መጥራት ነው። በምትኩ የድሮውን ዓይነት 60 ወይም 100 ዋት አምፖል (ኤልኢዲ አይሆንም) ከመብራቱ መስመር ጋር በተከታታይ አስገቡ። ቦግ ብሎ ከደበዘዘ ደህና ነው፤ ቦግ እንዳለ ከቀረ ውስጥ ሾርት አለ። ነቅላችሁ፣ ኮንደንሰሩን አራግፋችሁ፣ ስፒከሩን የሚነዱትን የአውትፑት ትራንዚስተሮች ኮሌክተርና ኤሚተር የሚባሉ ሁለት እግሮች በመልቲሜትር ኦም ለኩ፦ ወደ ዜሮ ካነበበ ተቃጥሏል። ጥንዱን አብራችሁ ቀይሩ፣ ከጎናቸው ያሉትን ትንንሽ ኦም ሬዚስተሮችም ፈትሹ፣ ከትራንዚስተሩ ስር ያለውን ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ስስ ቁራጭ፣ ሚካውን፣ እና የሙቀት ቅባቱን አትርሱ። በጣም ርካሽ ትራንዚስተር ካያችሁ ጠርጥሩ፣ ፎርጅዱ ብዙ ነው።

ስፒከር ከመግጠማችሁ በፊት ባዶ የስፒከር መውጫው ላይ ዲሲ ቮልት ለኩ። ከ50 ሚሊቮልት በታች ከሆነ ቀጥሉ። ሙሉ ቮልቶች ካነበበ ስፒከሩን ያቃጥልባችኋልና እንዳትነኩት።

ማሻሻልስ?

ትልቅ ትራንዚስተር ቢገባ ድምፁ የሚጨምር የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ አይጨምርም፣ ትራንስፎርመሩ ከሚሰጠው በላይ ከየት ይመጣል? በኔ እይታ ዋጋ ያለው ሥራ ያረጁትን ኮንደንሰሮች መለወጥ፣ የስፒከር መሰኪያውን ማጠንከርና ትንሽ የብሉቱዝ መቀበያ መግጠም ነው። መቀበያውን ኦክስ (AUX) የሚለው ግቤት ላይ ሰኩት። ፎኖ ላይ ከሰካችሁት ድምፁ ይሰነጣጠቃል፣ እሱ ለሸክላ ማጫወቻ ብቻ ነው። መብራት ሲሄድም አምፑን አጥፉት፤ ከተመለሰ በኋላ ትንሽ ቆይታችሁ አብሩት።