ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ሲበላ፦ በቲፕ አሰጣጥ ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

እሑድ ከቀትር በኋላ ዱከም፣ ሰበታ ወይም ሱሉልታ ያሉት ሥጋ ቤቶች ደጃፍ በመኪና ይሞላል። ሰዉ በልቶ ጠጥቶ ይጫወትና ሒሳብ ሲመጣ መተያየት ይጀምራል። «ስንት እንተውላት?» ነው ጥያቄው። መጠኑ ላይ ብዙ ይከራከራል፤ ብሩ ማን እጅ እንደሚገባ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም። አብዛኛው ስህተት የሚመጣውም ከዚያው ነው።

ደረሰኙ ላይ የተጨመረውን ሁሉ ቲፕ አድርጎ ማሰብ። «15 በመቶ ከፍዬ የለም እንዴ?» የሚል ሰው በየጠረጴዛው አይጠፋም። እሱ ቫት ነው፤ መንግሥት ጋ ይሄዳል፣ አስተናጋጇ ከዚያ ላይ ሳንቲም አታገኝም። ሰርቪስ ቻርጅ የሚባለው ሌላ ነው፤ ሆቴሎችና ተለቅ ያሉ ሬስቶራንቶች 10 በመቶ ይጨምራሉ። ሁለቱ ሲደራረቡ የ1,000 ብር ምግብ መጀመሪያ 1,100፣ ከዚያ ቫቱ በላዩ ተሰልቶ 1,265 ብር ይሆናል። ሰርቪስ ቻርጁን ለሠራተኛ የሚያካፍል ቤት አለ፣ የማያካፍልም አለ። ካሸሩን ሳይሆን አስተናጋጁን ቀስ ብለው ቢጠይቁት እውነቱን ይነግርዎታል። የሚደርሰው ከሆነ የተረፈችውን መልስ መተው ይበቃል። ከከተማው ዳር ያሉት ትንንሽ ቤቶች ግን በአብዛኛው ሰርቪስ ቻርጅ የላቸውም፤ እዚያ «ተካቶበታል» ብሎ መነሳት አይሠራም።

የአሜሪካን ስሌት ይዞ መምጣት። ከውጭ የመጣ ዘመድ ስልኩን አውጥቶ 20 በመቶ ሲያሰላ አይተው ይሆናል። እዚያ ምክንያት አለው፦ የፌዴራል ሕጉ ቲፕ ለሚቀበል ሠራተኛ አሠሪው በሰዓት 2.13 ዶላር ብቻ እንዲከፍል ይፈቅዳል፣ ይህ ቁጥርም ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ንቅንቅ አላለም። ስለዚህ እዚያ ቲፑ ራሱ ደመወዝ ነው ማለት ይቻላል። እኛ ጋ አስተናጋጅ የወር ደመወዝ አለው፤ እርግጥ ለግሉ ዘርፍ የተቆረጠ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ስለሌለ ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው፣ ስለዚህ የምትተውት ብር ዋጋ አላት።

በመቶኛ ማስላት እዚህ አገር የሚያጣምመው ሌላም ነገር አለ። ሁለት ኪሎ ቁርጥ ያዘዘ ሰው ሒሳቡ ሰማይ ይነካል፣ አስተናጋጇ ግን የተመላለሰችው ሦስት ጊዜ ነው። ረቡዕ ዕለት ስድስት ሆነው በያይነቱ የበሉት ደግሞ እንጀራ ጨምሪ፣ ውኃ አምጪ፣ ቃሪያ የለም ወይ እያሉ ሲያሯሯጧት ይውላሉ፤ ሒሳቡ ትንሽ ነውና ቲፑም ትንሽ ይሆናል። እኔ ብሆን ድካሙን እቆጥራለሁ። ማኪያቶ ጠጥቶ ለሚነሳ 10 ብር፣ ለሁለት ሰው ምሳ 50 ብር፣ ጠረጴዛውን ግማሽ ቀን ይዞ ለዋለ ቡድን 200 ብርና ከዚያ በላይ ያስኬዳል። በሁዳዴ ለ55 ቀን የሥጋ ቤት ገበያ ምን ያህል እንደሚቀዘቅዝ የሚያውቅ ደግሞ በፋሲካ ሰሞን እጁን ትንሽ ቢፈታ አይጎዳም።

ቲፑን ከሒሳቡ ጋር በቴሌብር መላክ። ይህን በቅን ልቦና የሚሳሳተው ብዙ ነው። ሒሳቡ 940 ሆኖ 1,000 ቢልኩ፣ 60ው ብር የሚገባው ባለቤቱ አካውንት ውስጥ ነው። ማታ ካሸሩ ሲዘጋ «ትርፍ» ሆኖ ይታያል፤ ልጅቷ «የኔ ነው» ብትል ማን ይመሰክርላታል? ሒሳቡን በስልክ ይክፈሉ፣ ቲፑን በእጅ ይስጡ። ጥሬ ብር ካልያዙ የራሷን ቁጥር ይጠይቋት። ከቤት ሲወጡ ጥቂት ባለ 50 ብሮች ኪስ መክተት ይህን ሁሉ ይገላግላል፤ ለ30 ብር ቲፕ ባለ 200 አውጥቶ «ዘርዝሪልኝ» ማለት ለሁለታችሁም ያሳፍራል።

ለሥጋ ቆራጩ አስቀድሞ ማስጨበጥ። «ሻኛውን ለኛ አድርገው» ተብሎ መቶ ብር የምትጨበጥበት አጋጣሚ አለ። ጉቦ እንጂ ቲፕ አይደለም፤ ዳፋውም ከኋላዎ የተሰለፈው ሰው ሳህን ላይ ነው፣ እሱ አጥንትና ጅማት ይመዘንለታል። ጥሩ ቆርጦልዎ ከሆነ በልተው ሲወጡ ያመስግኑት። ያኔ የሚሰጡት ብር ሚዛኑን አያዛባም።

ሒሳብ ያመጣችውን ብቻ ማየትም የተለመደ ነው። እጅ የሚያስታጥበው ልጅ፣ ጥግ ላይ ከሰል የምታራግበው ቡና አፍይ፣ መኪናዎን ሲጠብቅ የቆየው ልጅ ከጠረጴዛው ቲፕ ብዙ ጊዜ አይደርሳቸውም። ለነሱ ለየብቻ ነው የሚሰጠው፣ 10 ወይም 20 ብርም ቢሆን።

ለባለቤቷ ቲፕ መስጠት። ለገጣፎና ቡራዩ ውስጥ ለውስጥ ባሉት ቤቶች ሽሮውን ሠርታ የምታቀርበው ራሷ ባለቤቷ ልትሆን ትችላለች። በዕድሜ ከፍ ያሉ እናት ከሆኑ 20 ብር እጃቸው ላይ ማስቀመጥ ቅር ሊያሰኛቸው ይችላል። «እጅዎ ይባረክ፣ እትዬ» ይበሉ፤ ብሩን ሳህን ለምታጥበው ልጅ ይስጡ።

ጥብሱ ዘገየ ብሎ ቲፕ መከልከልም ፍትሕ የለውም። መብራት ጠፍቶ ይሆናል፣ ወጥ ቤቱ ተጨናንቆ ይሆናል፤ ልጁ ምድጃው ላይ አልቆመም። ቅሬታ ካለዎት ለኃላፊው ይንገሩ። ልጁ ራሱ አመናጭቆዎት ከሆነ ግን ቲፕ ሳይሰጡ ቢወጡ አልፈርድብዎትም። ደግሞ ስትሰጡ ብሩን ጠረጴዛ ላይ እየቆጠሩ መበተን ይቅር፤ አጠፍ አድርጎ እጅ ላይ፣ «ለሻይ» ብሎ።

አምሽተው የሚቀመጡ ደግሞ ሰዓቱን ቢያዩ መልካም ነው። ከከተማ ወጣ ባሉ ሰፈሮች ከመሸ በኋላ ታክሲ ያጥራል፣ የተገኘውም ዋጋ ይጨምራል። በእናንተ ምክንያት እስከ 4 ሰዓት የቆየች ልጅ ካለች ቲፑ ቢያንስ ቤቷ የሚያደርሳት ይሁን፤ ሒሳቡንም ቀድማችሁ ዝጉላት፣ እናንተ እየተጫወታችሁ እሷ ጠረጴዛ ጠርጋ ትጨርስ።