ዳሽቦርዱ በመብራት ሲሞላ፦ የትንንሽ ኤስዩቪ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ዘይት መለካት፣ የጎማ ንፋስ ማየትና ፊውዝ መፈተሽ እንደምታውቁ አድርጌ ነው የምጽፈው። እነሱን ካላያችሁ መጀመሪያ እነሱን እዩ። ትንንሽ ኤስዩቪ የሚነዱ ሰዎች ጋራዥ ይዘው የሚመጡት አቤቱታ ይመሳሰላል። ከሁሉ የሚበዛው ግን አንድ ነው። ሰው በከንቱ ገንዘቡን የሚያፈሰውም በእሱ ላይ ነው። ስለዚህ እሱን ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፤ የቀሩትን እንደ ክብደታቸው።

ምልክት፦ የማስጠንቀቂያ መብራቶች ተሰብስበው ይበራሉ

ጠዋት ሞተር ስታስነሱ ወይም መንገድ ላይ ሳላችሁ የኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው)፣ የመሪ፣ የመንሸራተት መቆጣጠሪያ፣ የእጅ ፍሬንና የግጭት መከላከያ መብራቶች አንድ ላይ ቦግ ይላሉ። መሪው ሊከብድ ይችላል። ማርሹ ከፒ አልንቀሳቀስም ሊል ይችላል። ሞተሩን አጥፍታችሁ መልሳችሁ ስታስነሱት ሁሉም ይጠፋል። በማግስቱ ይመለሳል።

መኪናው በኮምፒውተር ሲነበብ የብልሽት ኮድ መዓት ይወጣል። ኪሳራው የሚጀምረው እዚህ ነው። የኤቢኤስ ኮድ ያየ ባለሙያ የኤቢኤስ ዩኒት ይቀየር ይላል። የመሪ ኮድ ያየው የመሪ ሞተር ያስገዛል። ቆም ብላችሁ አስቡት። አራት አምስት የማይገናኙ ክፍሎች በአንድ ጠዋት አብረው አይሞቱም። የሚጋሩት ነገር ኤሌክትሪኩን ነው።

ምክንያት፦ ባትሪ፣ ተርሚናል፣ ማሳ

ደጋግሜ ያየሁት በዚህ ቅደም ተከተል ነው። ወይ የ12 ቮልት ባትሪው ደክሟል። ወይ ተርሚናሉ፣ ማለትም የገመዱ ማሰሪያ፣ የባትሪው ራስ ላይ ላልቷል። ወይ ማሳው፣ ማለትም ከባትሪው ኔጌቲቭ ወደ ቦዲና ወደ ሞተር የሚሄደው ገመድ፣ ማሰሪያው ላይ ዝጓል።

እነዚህ መኪኖች ውስጥ በርካታ ትንንሽ ኮምፒውተሮች አሉ። ሞተሪኖው፣ ማለትም ሞተሩን የሚያስነሳው፣ ሲዞር ቮልቴጁ በአንድ አፍታ ይወርዳል። ባትሪው ጤነኛ ከሆነ ሁሉም ይችሉታል። ከደከመ ግን አንዱ ይጠፋል፣ ሌላው ከጓደኛው መልእክት አልደረሰኝም ብሎ ኮድ ይመዘግባል። በዩ ፊደል የሚጀምሩት ኮዶች አብዛኞቹ ይህን ነው የሚናገሩት። በኤሌክትሪክ የሚሠራው መሪም ቆማችሁ ስትጠመዝዙት በአስር የሚቆጠር አምፔር ይስባል። ላላ ያለ ተርሚናል ያንን አያሳልፍም። መሪው የሚከብደው ለዚህ ነው።

አንድ ደንበኛ የኤቢኤስ ዩኒት አስቀይሮ፣ መብራቱ አልጠፋ ሲለው ደግሞ የፊት ካሜራ ሊያዝ ሲል ነበር የመጣው። ኮፈኑን ከፍቼ የኔጌቲቩን ተርሚናል በእጄ ብይዘው ዞረ። በጣት የሚዞር ተርሚናል! ሁለት ጋራዥ አልፎ ነበር የመጣው፤ ማንም አልነካውም። አጽድቼ አጠበቅሁት፣ ኮዱን አጠፋሁት፣ ችግሩ በዚያው ለቀቀው።

ሌላው የሚያናድደኝ ቀጭን ራስ ያለው ባትሪ ነው። ባትሪዎች ሁለት ዓይነት የራስ ውፍረት አላቸው። ለወፍራሙ የተሠራ ተርሚናል ቀጭኑ ላይ ሲገባ ብሎኑ እስከ መጨረሻው ጠብቆም ይላላል። ያኔ ሻጩ የቆርቆሮ ቁራጭ ይወትፍበታል። ሚስማር ተወትፎ ያየሁበትም ጊዜ አለ። እሱ ይግላል፣ ይበላል፣ አንድ ቀን መንገድ መሃል ይለያያል። ለዚህ ሥራ የሚሆን የእርሳስ ቀለበት አለ፤ እሱ ይግባበት። ከሁሉ የሚሻለው ግን ትክክለኛውን ባትሪ መግዛት ነው።

እንዴት እንደሚፈተሽ

መልቲሜትር ያዙ። መኪናው ሌሊቱን ቆሞ ሲያድር ባትሪው 12.6 ቮልት አካባቢ ካሳየ ሙሉ ነው። 12.2 ግማሽ ነው። ከ12 በታች ከሆነ ባዶ ነው በሉት። ይህ ግን ብቻውን አይበቃም፤ የደከመ ባትሪም ቆሞ ጥሩ ቁጥር ያሳያል። ስለዚህ ሰው ሞተር ሲያስነሳ ቁጥሩን ተመልከቱ። ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪው አልቋል።

ሞተሩ ሲሠራ ከ13.5 እስከ 14.7 ድረስ መሆን አለበት። አንዳንድ አዳዲስ ሞዴሎች ነዳጅ ለመቆጠብ ሆን ብለው ዝቅ ያደርጉታል። ስለዚህ 12.8 ስላያችሁ ብቻ ዲናሞ አትፍቱ። የፊት መብራቱን፣ ማሞቂያውንና የኋላ መስታወት ማድረቂያውን አብሩና እንደገና ለኩ።

ቀጥሎ ማሳው። ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው። የመልቲሜትሩን አንድ ጫፍ ባትሪው ኔጌቲቭ ራስ ላይ አድርጉ፤ ተርሚናሉ ላይ አይደለም፣ ራሱ እርሳሱ ላይ። ሌላውን ጫፍ የሞተሩ ብረት ላይ አድርጉ። ሞተሩ እየሠራ፣ ያ ሁሉ በርቶ ሳለ ከ0.1 ቮልት በላይ ካሳየ መንገዱ ላይ የሚያግድ ነገር አለ። ከዚያ ቦዲው ላይ ድገሙት። ገመዱ ከውጭ ደህና መስሎ ብሎኑ ሥር ዝጎ ይገኛል። ፍቱት፣ በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ አጽዱት፣ መልሳችሁ አጥብቁት። መኪናው ግጭት ደርሶበት ቦዲ ተሠርቶለት ከሆነ ማሳው የታሰረበት ቦታ ቀለም ተቀብቶ ይሆናል። ቀለም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም።

ባትሪው ጥሩ ሆኖ እየቆመ የሚያልቅ ከሆነ የሚስብ ነገር አለ። መኪናውን ቆልፋችሁ ኮምፒውተሮቹ እስኪተኙ 30 ወይም 40 ደቂቃ ጠብቁ፤ በር አትክፈቱ። ከዚያ በኋላ የሚስበው ከ50 ሚሊአምፔር መብለጥ የለበትም። ፊውዝ እየነቀላችሁ አትፈልጉ፤ የተኙትን ትቀሰቅሷቸዋላችሁ። ፊውዙ እንደተሰካ ከላይ ባሉት ሁለት ነጥቦች ላይ ሚሊቮልት ለኩ። ቁጥር የሚያሳየው እሱ ላይ ነው ሌባው። አብዛኛውን ጊዜ የማገኘው በኋላ የተገጠመ አላርም፣ የመኪና መከታተያ ወይም ካሜራ ነው። ገመድ ልጦ፣ በእጅ ጠምዝዞ፣ በፕላስተር ጠቅልሎ የሚሄድ ገጣሚ ይህን ሁሉ ጣጣ ለባለቤቱ ትቶለት ይሄዳል።

መፍትሄና ማስጠንቀቂያ

ባትሪ ስትቀይሩ መጠኑን፣ የራሱን ውፍረትና ዓይነቱን አመሳስሉ። የትራፊክ መብራት ላይ ሲቆም ሞተሩን በራሱ የሚያጠፋ መኪና ኢኤፍቢ ወይም ኤጂኤም የሚባለውን ባትሪ ነው የሚፈልገው። ተራውን ከገጠማችሁለት ቶሎ ይሞታል። የተመረተበትን ቀን እዩ፤ መደርደሪያ ላይ የከረመ ባትሪ አዲስ አይባልም። አንዳንድ መኪኖች አዲስ ባትሪ መግባቱ በኮምፒውተር ሊነገራቸው ይገባል። ኔጌቲቩ ላይ የምትታየው ትንሽ ሳጥን ሴንሰር ናት። በመፍቻ እየጎለጎላችሁ አትስበሯት። ከሌላ መኪና ስታስነሱም የኔጌቲቩን ገመድ ባትሪው ላይ ሳይሆን ሞተሩ ወይም ቦዲው ላይ እሰሩ።

ባትሪውን ወደ ታች የሚይዘውን ብረት ደግሞ እንደ ትርፍ ዕቃ አትዩት። እ.ኤ.አ. በ2023 ቶዮታ ከ2013 እስከ 2018 የተሠሩ ወደ 1.85 ሚሊዮን የሚሆኑ ራቭ4 መኪኖችን አሜሪካ ውስጥ ለጥገና ጠርቷል። ምክንያቱ ይኸው ነው። ከላይ አነስ ያለ ባትሪ ገብቶ መያዣው በደንብ ካልታሰረ፣ መኪናው በኃይል ሲታጠፍ ባትሪው ይንቀሳቀሳል። ፖዘቲቩ መያዣውን ከነካ ሾርት ያደርጋል፤ እሳትም ይነሳል። የማንኛውም መኪና ባትሪ እንዲህ ነው። በእጃችሁ ነቅንቁት። ከተነቃነቀ ዛሬውኑ እሰሩት።

አንድ ነገር ደግሞ በጣም እለምናችኋለሁ። ዲናሞው ይሠራ እንደሆነ ለማየት ሞተር እየሠራ የባትሪ ገመድ የሚነቅል መካኒክ ካያችሁ አስቁሙት። በድሮ መኪና ያልፍ ይሆናል። በዚህ መኪና ግን ቮልቴጁ በቅጽበት ይተኮስና ኮምፒውተሮቹን ያቃጥላል። የዚህን ዳፋ ያየሁት ከአንዴ በላይ ነው። መፍቻ እንኳ የማይጠይቅ የመልቲሜትር ልኬት እያለ!

ምልክት፦ መኪናው ሲነሳ ይንቀጠቀጣል፣ ሞተሩ ይጮሃል ግን አይሄድም

ከ20 እስከ 60 ኪሎ ሜትር በሰዓት ባለው ፍጥነት ላይ የመርገብገብ ስሜት ካለ፣ ዳገት ላይ ጉልበት ከጠፋ፣ ካምቢዮውም ሲቪቲ (በማርሽ ፋንታ በቀበቶ የሚሠራ አውቶማቲክ) ከሆነ፣ ዘይቱን ጠርጥሩ። ዕድሜ ልኩን አይቀየርም የሚለውን ወሬ እኔ አልቀበልም። ከባድ ሙቀት፣ ጭነትና መጨናነቅ ካለ ከ50 እስከ 60 ሺህ ኪሎ ሜትር ላይ ቀይሩት። ለሲቪቲ የሚገባው የራሱ ዘይት ነው። ተራ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ከገባበት ቀበቶው ይንሸራተታል፤ ከተንሸራተተ ብረቱ ይጫራል፤ ከተጫረ በኋላ በዘይት አይድንም። መጠኑም የሚለካው አምራቹ ባዘዘው የዘይት ሙቀት ላይ ነው፣ በግምት አይደለም።

የካምቢዮው የዘይት ሳህን ሲወርድ ውስጡ ያለውን ማግኔት እዩ። እንደ ጭቃ የላመ ጥቁር ነገር የተለመደ ነው። በጣት የሚያዝ የብረት ስባሪ ካለ ዘይት ቀይራችሁ ገንዘብ አትጨምሩ፤ ካምቢዮው መፈታት አለበት። ረጅም ዳገት ላይ ብቻ ጉልበት ሲቀንስ ራሱን ከሙቀት እየጠበቀ ሊሆን ይችላል። ቁሙ፣ ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ ማቀዝቀዣው በአቧራና በነፍሳት መደፈኑን እዩ። የተበላሸ መኪና ስታስጎትቱ የሚነዱት ጎማዎች መሬት ላይ እየተንከባለሉ አይጎተቱ።

ምልክት፦ የሞተር ዘይት በራሱ ይጨምራል፣ ቤንዚን ይሸታል

ይህ የትንንሽ ተርቦ ሞተሮች ጠባይ ነው። በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ የሚረጨው ቤንዚን ሞተሩ ሳይሞቅ ግድግዳው ላይ ይቀርና ወደ ዘይቱ ይወርዳል። የሆንዳ ሲአር-ቪ 1.5 ሊትር ተርቦ ሞተር በቀዝቃዛ ቦታዎች በዚህ ይታወቃል። ዘይቱን ከተባለው ቀን አስቀድማችሁ ቀይሩ፤ አልፎ አልፎም ሞተሩ በደንብ እስኪሞቅ ረዘም ያለ መንገድ ንዱ። አምራቹ ያወጣው የሶፍትዌር ማሻሻያ ካለ አስጫኑ። ዘይት ከምልክቱ በላይ ሆኖ እያያችሁ ቢበዛ አይጎዳም አትበሉ። የቀጠነ ዘይት ኩሽኔታ ይበላል።

ምልክት፦ ፊት ለፊት ምንም ሳይኖር በራሱ ፍሬን ይይዛል

ይህ አስፈሪ ነው፤ ከኋላ ያለው መኪና ሊገጫችሁ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2019 የአሜሪካ የመንገድ ደህንነት ተቋም የ2017 እና የ2018 ኒሳን ሮግ ላይ በዚሁ ጉዳይ ምርመራ ከፍቶ ነበር። መጀመሪያ የሶፍትዌር ማሻሻያ መኖሩን ጠይቁ። ከዚያ መኪናው ላይ የተሠራውን አስታውሱ። የፊት መስታወት ተቀይሮ ካሜራው ካሊብሬት ካልተደረገ፣ ማለትም እይታው እንደገና ካልተስተካከለ፣ ያያል ግን ያሳስታል። ራዳሩ ከፊት አርማ ወይም ባምፐር ኋላ ነው ያለው። የሌላ ፋብሪካ አርማ፣ ተደራራቢ ቀለም፣ የተጣመመ መያዣ ሁሉ ያሳውረዋል። እስኪሠራ ድረስ ከሜኑው ላይ አጥፍታችሁ ንዱ፤ አንዳንዱ ግን ሞተር በተነሳ ቁጥር ራሱን ያበራል።

ባጭሩ የሚነገሩ

በኤሌክትሪክ የሚሠራ የእጅ ፍሬን ያለው መኪና የኋላ ሸራ ሲቀየር በጥገና ሁኔታ ላይ ይደረግ። ፒስተኑን በግድ የገፋ ሰው የእጅ ፍሬኑን ትንሽ ሞተር ይሰብራል።

በአራቱም ጎማ የሚነዳ መኪና ላይ አንድ ጎማ ብቻ አዲስ አትግጠሙ። የዙሪያቸው ልዩነት የኋላውን ማገናኛ ያግለዋል።

ምንጣፉ ከረጠበ የጣሪያ መስታወቱን የውሃ መውረጃ ቱቦዎች ጥረጉ። በኃይለኛ የአየር ግፊት አትንፉ፤ ቱቦው ውስጥ ይላቀቃል።

ወንበር ካንቀሳቀሳችሁ በኋላ የኤርባግ መብራት ከበራ ወንበሩ ሥር ያለው ቢጫ ማገናኛ ላልቶ ይሆናል። ባትሪው ተነቅሎ ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ አትንኩት።

ምንም ምልክት የሌላቸው አደጋዎች

ታካታ የሠራቸው የኤርባግ መንፊያዎች መብራት አያበሩም። ውስጣቸው ያለው አሞኒየም ናይትሬት በሙቀትና በእርጥበት ዓመታት ሲቆይ ይበላሻል። ግጭት ሲደርስ ቆርቆሮው ይፈነዳና ስብርባሪው ሰው ላይ ይወረወራል። አሜሪካ ውስጥ ብቻ ወደ 67 ሚሊዮን የሚሆኑ እንዲቀየሩ ተጠርተዋል። ያገለገለ መኪና የገዛ ሰው 17 ሆሄና ቁጥር ያለውን የሻንሲ ቁጥር ይዞ በአምራቹ ገጽ ላይ ያጣራ። ቅያሪው ነፃ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2023 ሃዩንዳይና ኪያም በድምሩ ወደ 3.4 ሚሊዮን የሚጠጉ መኪኖችን ጠርተዋል፤ ቱሳንና ስፖርቴጅ ውስጣቸው አሉ። የኤቢኤሱ ክፍል ውስጥ ፈሳሽ እየፈሰሰ ሾርት ያደርጋል፤ መኪናው ቆሞ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለም ሊቃጠል ይችላል። የእናንተ መኪና ዝርዝሩ ውስጥ ካለ ጥገናው እስኪያልቅ ከቤትና ከሌላ መኪና አርቃችሁ ደጅ አቁሙት።