የመኪና የፊት መስታወት ስታስቀይሩ፦ ከኢንሹራንሱ ፎርም እስከ ማጣበቂያው

ከአዳማ ስመለስ ነው። ከፊቴ ጠጠር የጫነ ሲኖትራክ ይሄዳል፣ ሸራ አልለበሰም። አንዲት ጠጠር ተፈናጥራ መጣችና መስታወቴን ቋ አደረገችው። ዳር ይዤ አየሁት። የምስር ፍሬ የምታህል ነጭ ነጥብ ናት። "ይቺማ ምን ታመጣለች" ብዬ ተውኳት። በሳምንቱ አንድ ቀን ጠዋት ብርዱ ከባድ ነበር፤ መስታወቱን ጉም ስለያዘው ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። ነጥቧ ዓይኔ እያየ ክር መምዘዝ ጀመረች። ሥራ ቦታ ሳልደርስ ስንጥቁ ከመሪው በኩል ተነስቶ ጋቢና ደረሰ።

ያንን መስታወት ሁለት ጊዜ ነው ያስቀየርኩት፣ የመጀመሪያው ጋራዥ ስላበላሸው። እናንተ አንዴ ብቻ እንድታስቀይሩ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ጠጠር በመታችሁ ዕለት ነጥቧ ላይ ንጹህ ስኮች ለጥፉባት፣ ውሃና አቧራ እንዳይገባባት። ማሞቂያውን በኃይል አትልቀቁ። ፀሐይ ላይ የዋለ መስታወት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አታስደፉ። ከዚያ ሳትውሉ ሳታድሩ ስንጥቅ የሚሞላ ባለሙያ ፈልጉ። ሙጫ መሰል ፈሳሽ በትንሽ ፓምፕ ወደ ውስጥ ያስገባና በአልትራቫዮሌት መብራት ያደርቀዋል። ይሄ የሚያዋጣው ምቱ ከአንድ ብር ሳንቲም ካነሰ፣ ከጠርዝ ከራቀና በሹፌሩ ዓይን ትይዩ ካልሆነ ነው። ጠርዝ ላይ የጀመረ ስንጥቅን ሙሉልኝ ብላችሁ ገንዘብ አታባክኑ። መቀየር ነው ያለበት።

መቀየሩንም እንደ ቀላል ሥራ አትዩት። የፊት መስታወት እንደ በሩ መስታወት አይደለም። የበሩ ሲመታ ተፈረካክሶ ይረግፋል። የፊቱ ግን መሃላቸው ላይ ስስ ላስቲክ ያላቸው ሁለት መስታወቶች ናቸው፣ ቢሰነጠቅም ተያይዞ ይቆያል። በብዙ መኪኖች የጋቢናው ኤርባግ ሲፈነዳ መጀመሪያ የሚደገፈው መስታወቱን ነው፣ ከዚያ ነው ወደ ተሳፋሪው የሚዞረው። መኪና ሲገለበጥም ጣሪያው እንዳይደፈጠጥ ያግዛል። በደንብ ካልተጣበቀ ግን ኤርባጉ ራሱ ገፍቶ ያወጣዋል። ጋቢና የምትቀመጠው እናታችሁ ልትሆን ትችላለች፣ ልጃችሁ ልትሆን ትችላለች። ለዚህ ነው ማጣበቂያው ላይ ድርቅ የምለው።

ጋራዥ ከመሄዳችሁ በፊት የኢንሹራንስ ውላችሁን አውጥታችሁ አንብቡ። መስታወቱ ላይ የተለጠፈው የሦስተኛ ወገን የግዴታ ነው፤ እሱ እናንተ በሌላ ሰው ላይ ለምታደርሱት ጉዳት እንጂ ለራሳችሁ መስታወት አምስት ሳንቲም አይከፍልም። ለራሳችሁ የሚከፍለው ሙሉ ኢንሹራንስ፣ ኮምፕርሄንሲቭ የምንለው ነው። ሌላ መኪና ገጭቷችሁ ከሆነ የገጪው ሦስተኛ ወገን ይጠየቃል፣ ለዚህ ትራፊክ ፖሊስ ጠርታችሁ ማስመዝገብ አለባችሁ። እንደ እኔ ከሲኖ ላይ የተፈናጠረ ጠጠር ከሆነ ግን ታርጋውንም ማስረጃውንም ካልያዛችሁ በራሳችሁ ኢንሹራንስ ብቻ ነው የምትሄዱት።

ውሉ ላይ ኤክሰስ የሚለውን ፈልጉ። በእያንዳንዱ ክሌም፣ ማለትም የካሳ ጥያቄ፣ ከኪሳችሁ የምትሸፍኑት ድርሻ ነው። እንበልና መስታወቱ ከነመግጠሚያው 20 ሺህ ብር ቢሆን፣ ኤክሰሳችሁ 5 ሺህ ቢሆን፣ የምታገኙት 15 ሺህ ነው። ከዚህ ላይ ደግሞ ዓመቱን ያለ ክሌም በመጨረሳችሁ የምታገኙትን የአረቦን (ለኢንሹራንሱ የምትከፍሉት ገንዘብ) ቅናሽ፣ ኖ ክሌም የሚባለውን፣ ልታጡ ትችላላችሁ። ሁለቱን ደምሩና አስሉ። አንዳንዴ ከኪስ ከፍሎ መገላገል ይሻላል። አንዳንድ ውል ላይ ግን ለመስታወት ብቻ የተለየ አንቀጽ አለ፣ እስከተወሰነ ብር ድረስ ኖ ክሌማችሁን ሳይነካ የሚከፍል። ትንሽ አረቦን ቢያስጨምርም ክፍለ ሀገር ለሚመላለስ ሰው ያዋጣል ባይ ነኝ። ካላገኛችሁት ደውላችሁ ጠይቁ፣ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ።

አንድ ነገር ደግሞ በጣም ያሳስበኛል። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የመኪናውም የመለዋወጫውም ዋጋ የት እንደደረሰ ታውቃላችሁ። ብዙ ሰው ግን የመኪናውን ኢንሹራንስ ዛሬም በድሮው ዋጋ ነው የሚያድሰው። ዛሬ 2 ሚሊዮን ብር የምታወጣ መኪና 1 ሚሊዮን ተብላ ከተመዘገበች፣ ኢንሹራንሱ ዋስትና የገዛችሁት ለግማሹ ነው ብሎ ከመስታወቱም ዋጋ ግማሹን ብቻ ሊከፍል ይችላል። ቆርጦ በላኝ ብሎ መጣላት ዋጋ የለውም፣ ውሉ ላይ ተጽፏል። ስታድሱ የዛሬውን የገበያ ዋጋ አስጽፉ። አረቦኑ እንደሚከብድ አውቃለሁ፣ ግን አስጽፉ።

ክሌም ለማድረግ ከወሰናችሁ ምንም ሳትነኩ ፎቶ አንሱ። አንዱ ስንጥቁን በቅርብ፣ አንዱ መኪናውን ከነታርጋው። ቦሎውና የሦስተኛ ወገን ስቲከሩም ይታይ። በዚያው ቀን ኢንሹራንሱ ጋ ደውሉ፣ ውሉ ለማሳወቅ የሰጣችሁ ቀን እንዳያልፍ። ፎርሙ ላይ የሆነውን ብቻ ጻፉ፤ ቦታውን፣ ሰዓቱን፣ ማን ይነዳ እንደነበረ። የሊብሬና የመንጃ ፈቃድ ኮፒ ይጠይቋችኋል፣ የፖሊስ ሪፖርት ያስፈልግ እንደሆነ በስልክ ጠይቁ እንጂ በግምት አትመላለሱ። ኢንስፔክተራቸው ሳያየው ግን መስታወቱን እንዳታስነሱ። አስቀድሞ አስቀይሮ ደረሰኝ ይዞ የሚሄድ ሰው ብዙ ጊዜ ባዶ እጁን ነው የሚመለሰው። አሮጌውንም ጋራዡ እንዳይጥለው ንገሩ፣ ሊጠየቅ ይችላል።

ቀጥሎ ፕሮፎርማ ነው። ኢንሹራንሶች ዝቅተኛውን ዋጋ መምረጥ ይወዳሉ፣ ዝቅተኛው ዋጋ ደግሞ የሚመጣው ከርካሽ መስታወትና ከርካሽ ማጣበቂያ ነው። ስለዚህ "የፊት መስታወት 1" ብቻ የሚል ፕሮፎርማ አትቀበሉ። የመስታወቱ ብራንድ፣ የማጣበቂያው ዓይነት፣ የዙሪያው ጎማና የእጅ ዋጋ ለየብቻ ይጻፉ። ያኔ ከሌላው ጋራዥ ለምን እንደተወደደ ለኢንሹራንሱ ማስረዳት ትችላላችሁ። የማሽን ደረሰኝ የሚሰጥ ይሁን።

መስታወቱን በሻንሲ ቁጥር አስፈልጉ፣ በዓመተ ምሕረት ብቻ አይሆንም። አንድ ዓይነት ሞዴል ሆኖ አንዱ የዝናብ ሴንሰር አለው፣ ሌላው የለውም። ሶማሌ ተራም ግዙ ሌላ ቦታ ከመክፈላችሁ በፊት ታችኛው ጥግ ላይ የታተመውን ጽሑፍ እዩ። የአውሮፓ ደረጃ ያለው ክብ ውስጥ ኢ ፊደልና ቁጥር አለው፣ አጠገቡ 43አር ይላል። የአሜሪካው ኤኤስ1 ይላል። ምንም ያልታተመበትን ተዉት። የቻይና ስለሆነ ብቻ ግን አትናቁ፣ እንደ ፉያዎ ያሉት ለትልልቅ መኪና አምራቾች የሚያቀርቡ ናቸው። ከዚያ አቁማችሁ በመስታወቱ ውስጥ የመብራት ምሰሶ እያያችሁ ጭንቅላታችሁን ወደ ግራና ቀኝ አንቀሳቅሱ። ምሰሶው ከተጣመመባችሁ ሌላ ያውጡላችሁ፣ እሱ ማታ ስትነዱ ራስ ምታት ነው።

አሁን ዋናው፣ መግጠሙ። ቁሙና እዩ። የእኔ የመጀመሪያው ጋራዥ አሮጌውን በቢላ ፈልቅቆ፣ የመኪናውን ጠርዝ ጭሮ፣ ላሜራው ላይ ፕራይመር፣ ከማጣበቂያው በፊት የሚቀባውን፣ ሳይቀባ ለመስኮትና ለመታጠቢያ ቤት የሚሆነውን ሲሊኮን አንቆርቁሮ ለጠፈልኝ። በሁለት ሰዓት ውስጥ አስረከበኝ፣ ደስ ብሎኝ ሄድኩ። ሰኔ ገባ። አንድ ቀን ጠዋት በሩን ስከፍት መኪናው የረጠበ ውሻ ይሸታል። ምንጣፉን በእጄ ስጫነው በጣቶቼ መሃል ውሃ ወጣ። ሁለተኛው ባለሙያ መስታወቱን ሲያነሳው የተጫረው ቦታ ሁሉ ዝጎ ነበር፣ መጀመሪያ እሱን አሽቶ ማከም ነበረበት።

ይሄ ሁለተኛው ሰው ሲሠራ ብታዩት። አሮጌውን ማጣበቂያ በሽቦ ቆረጠው እንጂ አልፈለቀቀውም። ጠርዙ ላይ አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል አስቀረ፣ አዲሱ የሚይዘው እሱን ነውና። የተጫረው ላይ ፕራይመር ቀባ፣ እስኪደርቅ ጠበቀ። የመስታወቱን ጠርዝ አጽድቶ ከዚያ በኋላ በባዶ እጁ አልነካውም፤ የእጅ ወዝ ማጣበቂያውን ያስለቅቀዋል አለኝ። ጥቁሩን ፖሊዩሬቴን ሳያቋርጥ ዙሪያውን አንድ ወጥ አድርጎ ጨመቀው። ከዚያ ለሁለት በመሳቢያ ጎማ ይዘው በአንድ ጊዜ አሳረፉት። እናንተም ቱቦው ላይ ፖሊዩሬቴን የሚል ጽሑፍና ያላለፈ ቀን መኖሩን አንብቡ። መኪናው ከስንት ሰዓት በኋላ መነዳት እንደሚችልም ብዙ ጊዜ እዚያው ይጻፋል። አንዳንዱ ሰዓት ይበቃዋል፣ አንዳንዱ አዳሩን ይፈልጋል። ብርድ ሲሆን ይዘገያል።

ከ2016 ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ስለተከለከለ ኤሌክትሪክ መኪና የያዛችሁ ብዙ ናችሁ። ከውስጡ ስፖኪዮ ጀርባ ካሜራ ካለ፣ መስመር የሚጠብቀውና በራሱ ፍሬን የሚይዘው በእሱ ነው። መስታወቱ ሲቀየር ካሜራው እንደገና መስተካከል፣ ካሊብሬት መደረግ አለበት። የዳሽቦርድ መብራት አልበራም ማለት ተስተካክሏል ማለት አይደለም። ይሄም ፕሮፎርማው ላይ በመጀመሪያው ቀን ይግባ፣ በኋላ ማስጨመር መከራ ነው።

ከገጠሙት በኋላ ለአንድ ቀን አንዱን መስኮት ትንሽ ክፈቱት፣ በር ሲዘጋ አየሩ መስታወቱን ገፍቶ እንዳያነሳው። በር አትደብድቡ። የለጠፉትን ፕላስተር እስከ ነገ አትንቀሉ። ኮብልስቶን ላይ ቀስ በሉ። ላቫጆ ለሁለት ቀን ይቅርባችሁ።

ርክክቡ ላይ ኢንሹራንሱ ወይ ጋራዡ "ሥራው ተሟልቶ ተረክቤያለሁ" የሚል ወረቀት ያስፈርማችኋል። ማጣበቂያው ሳይደርቅና ሳትሞክሩት አትፈርሙ። አንድ ሰው ውጭ ሆኖ ውሃ በጎማ ቀስ እያለ ከላይ ያፍስስ፣ እናንተ ውስጥ ሆናችሁ በስልክ መብራት ጠርዙን ተከተሉ፣ ዳሽቦርዱ ሥርና ምሶሶዎቹ አጠገብ በሶፍት ዳብሱ። ከዚያ መስኮቱን ሁሉ ዘግታችሁ ቀለበት መንገድ ላይ ንዱት። ፉጨት ከሰማችሁ የሆነ ቦታ ክፍተት አለ፣ መኪናውን መልሳችሁ ውሰዱላቸው። ፈርሙ ብለው ቢያጣድፏችሁ "ነገ እፈርማለሁ" በሉ።

የቀረው ቦሎና የሦስተኛ ወገን ስቲከር ነው። ሁለቱም ከአሮጌው መስታወት ጋር ይሄዳሉ። መስታወቱ ከመነሳቱ በፊት በምላጭ በጥንቃቄ ለማንሳት ሞክሩ፣ ቢቀደዱም ቁራጮቹን ፖስታ ውስጥ አስቀምጡ። ምትክ ለመጠየቅ ቁራጮቹን፣ ያነሳችሁትን ፎቶና የጋራዡን ደረሰኝ ይዛችሁ ሂዱ። ምትኩ እስኪመጣ የደረሰኙ ኮፒ መኪናው ኪስ ውስጥ ይቀመጥ፣ ትራፊክ ሲያስቆማችሁ የምታሳዩት እሱን ነው።