ሌሊት ማን ይነሳል? ለሸመገለ ወላጅ መኖሪያ እንዴት ይመረጣል

እናቴ ዕድሜዋን በቁጥር አታውቀውም። «በግብሩ አመፅ ጊዜ የመጀመሪያ ልጄን አዝዬ ነበር» ትላለች። የጎጃም ገበሬ በግብር ምክንያት የተነሳው በ1960 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ከሰባ አምስት አታንስም ብለን እንገምታለን። ቢቡኝ፣ ከጮቄ ተራራ ሥር፣ ብቻዋን ትኖር ነበር። አንድ ሌሊት ለሽንት ወደ ደጅ ስትወጣ ወደቀች። እስኪነጋ እዚያው መሬት ላይ አደረች። ያገኛት ከብት ሊያወጣ የተነሳ ጎረቤት ነው።

ከዚያ እኛ አራት ልጆቿ ሳምንቱን ሙሉ በስልክ ስንመካከር ከረምን። ማን ቤት ትሁን? ማን ምን ያህል ያዋጣ? ማን ይሂድና ያምጣት? ሁሉም ተነሳ። አንድ ነገር ብቻ የጠየቀ አልነበረም። ሌሊት ስትነሳ ማን አብሯት ይነሳል? የወደቀችው ግን ሌሊት ነበር። ይህን የምጽፈው እኛ ዘግይተን የተማርነውን እናንተ አስቀድማችሁ እንድታውቁት ነው።

መጀመሪያ ወላጁን ራሱን ጠይቁ

«የት መኖር ትፈልጊያለሽ?» ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ «እናንተ እንዳላችሁ» ነው። ሸክም ላለመሆን ይሉታል። ስለዚህ ጥያቄውን ቀይሩት። ጠዋት መጀመሪያ ማንን ማየት ትፈልጊያለሽ? ቡና ከማን ጋር ትጠጫለሽ? ምን ሲቀር ይከፋሻል? ለብቻቸው ሆናችሁ ጠይቁ። ሌላ ቀንም ድገሙት።

እናቴ ሦስት ነገር ነገረችኝ። ቅዳሴ የምትሰማበት ቦታ፣ ቡና የምትጠራራው ጎረቤት፣ ሦስተኛው ደግሞ እኔ ያላሰብኩት። «ባሕር ዳር ብሞት እዚያው ልትቀብሩኝ ነው?» አለችኝ። አባቴ ያረፈው አጥቢያችን ነው። ፍርሃቷ ይኸው ነበር። «የትም ብትሆኚ እናመጣሻለን፣ የእድርሽንም መዋጮ አናቋርጥም» ስንላት ፊቷ ተፈታ። ወላጃችሁ ከቤቴ አልወጣም ብለው ካስቸገሩ ይህን ጠይቁ። እምቢታው ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመጣል።

«ወላጅን ከቤቱ ማውጣት ነውር ነው» የሚላችሁ ዘመድ አይጠፋም። ነገሩን በደንብ እናስበው። በእኛ አገር ባሏ የሞተባት ሴት ልጆቿን ድራ ስትጨርስ ቆብ ትደፋለች። አንዳንዷ ከቤተ ክርስቲያን አጠገብ ትንሽ ጎጆ ይቀለስላታል። ልጆቿ ስንቅ ያመላልሳሉ። ብትታመም ጎረቤት ያሉ እማሆይዎች ውኃ ያቀብሏታል። በስተርጅና ቤት መቀየር ለአያቶቻችን እንግዳ ነገር አልነበረም። ጎጆው ግን ሰው መሀል ነበር።

አንድ ቀንና አንድ ሌሊት አብራችሁ እደሩ

ቦታ ከመፈለጋችሁ በፊት ከልጆች አንዱ ሄዶ ከእሳቸው ጋር ይደር። እንግዳ አይሁን፣ ዝም ብሎ ይመልከት። ከአልጋ ራሳቸው ይነሳሉ? ሽንት ቤት ደርሰው ይመለሳሉ? ይታጠባሉ? እሳት አንድደው ይረሱታል? መድኃኒቱን በሰዓቱ ይውጣሉ? የበሉትን ያስታውሳሉ? ሌሊት ስንት ጊዜ ይነሳሉ? ወረቀት ላይ ጻፉት። በስልክ «ደህና ነኝ» የሚሉ እናት ምጣድ መጣል ካቆሙ ወራት አልፏቸው ሊሆን ይችላል። እኛ ቤት እንደዚያ ነበር። ጎረቤት እንጀራ ታመጣላት እንደነበር የሰማነው ከወደቀች በኋላ ነው።

ሐኪም ቤት ሳይወስዱ አይወሰን

እርጅና ነው የተባለው ነገር አንዳንዴ የሚታከም በሽታ ነው። ግድግዳ እየዳበሱ የሚሄዱ ሰው የዓይን ሞራ ይኖርባቸው ይሆናል። ሞራ ደግሞ በአጭር ቀዶ ሕክምና ይወጣል። ጨዋታ የተዉ ሰው ጆሯቸው ደክሞ ሊሆን ይችላል። በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ድንገት መቀባዠር ከጀመሩ እርጅና ነው ብላችሁ አትለፉት። የሽንት ኢንፌክሽን፣ የሳንባ ምች፣ የውኃ እጥረት፣ የስኳር መውረድ ወይም የሚወስዱት መድኃኒት ሊያመጣው ይችላል። በዚያው ቀን ይታዩ። ቀስ በቀስ እየባሰ የሚሄድ መርሳት ሌላ ነው። እሱ ካለ የምትመርጡት ቦታም ይለያል፣ ምክንያቱም ሰውዬው ወጥተው ሊጠፉ ይችላሉ።

ለምርመራ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል አለ። ባሕር ዳር ደግሞ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን አሉ። የማኅበረሰብ ጤና መድን መታወቂያ ካላቸው በጤና ጣቢያ ጀምሩና ሪፈር አጽፉ። ያለ ሪፈር በቀጥታ ሆስፒታል ከሄዳችሁ መድኑ ላይሸፍን ይችላል። መታወቂያው በየዓመቱ ይታደሳል። ከሁሉም በላይ ይህን አትርሱ፦ መድኑ ከወረዳቸው ጋር የተያያዘ ነው። ወደ ሌላ ከተማ ከማዛወራችሁ በፊት እዚያ ይሠራ እንደሆነ የወረዳውን መድን ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። እኛ ሳንጠይቅ ሄደን ሁሉንም ከኪስ ከፈልን።

ምርጫዎቹን አንድ በአንድ መዝኑ

ከቤታቸው ሳይወጡ የምታግዛቸው ሴት መቅጠር አንዱ መንገድ ነው። ራሳቸው መነሳትና መብላት ለሚችሉ፣ ጎረቤትም ላላቸው፣ ከዚህ የተሻለ የለም ባይ ነኝ። ግን ቀን ሠርታ ማታ ቤቷ የምትሄድ ከሆነ የሌሊቱ ጥያቄ አልተመለሰም። አብራ የምታድር ትሁን። ወይም የዘመድ ልጅ አብሯቸው ይደር፣ የትምህርት ቤት ወጪውን እናንተ ቻሉ።

ሁለተኛው ልጅ ቤት መውሰድ ነው። ሁላችንም መጀመሪያ የሚታየን ይኸው ነው። እናታችንን ባሕር ዳር ወንድሜ ቤት ወሰድናት። ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ። ቀን ባልና ሚስት ሥራ፣ ልጆች ትምህርት ቤት። ደረጃውን ብቻዋን መውረድ አትችልም። መስኮት ላይ ተቀምጣ ትውላለች። ሙቀቱም ከበዳት። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነች። ከጮቄ ደጋ ለመጣ ሰው ቆላ ማለት ነው። ወባ በአገራችን በብዛት የሚገኘው ከ2,000 ሜትር በታች ነው። ደጋ ያደገ ሰው ሰውነቱ አልለመደውም። በሦስተኛው ወር ያዛት፣ በጣምም ጎዳት። አጎበር ያሰብንላት ከታመመች በኋላ ነው። ወላጃችሁን ከደጋ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ ዓባይ ሸለቆ የምታወርዱ ከሆነ አጎበሩን ከመጀመሪያዋ ሌሊት ስቀሉ። ትኩሳት ካያችሁ በዚያው ቀን ይመርመሩ።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያስበው ነው። ከተማ ውስጥ፣ ከአንዱ ልጅ ቤት በእግር የሚደረስ፣ ለቤተ ክርስቲያን ወይም ለመስጊድ የቀረበ ምድር ቤት ተከራይቶ ከምታግዝ ሴት ጋር ማኖር። እኛ በመጨረሻ ያደረግነው ይህንን ነው። ደብረ ማርቆስ ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል አገኘን። አከራይዋ ራሷ አሮጊት ናት። ቡና ይጠራራሉ። እህቴ አሥር ደቂቃ ትርቃለች።

አራተኛው የአረጋውያን ማዕከል ነው። እዚህ ላይ ሁለቱን ዓይነት ለዩ። በበጎ አድራጎት የሚሠሩት፣ ለምሳሌ አዲስ አበባ ያለው መቄዶንያ፣ የተቋቋሙት ጧሪ ላጡ ወገኖች ነው። ጧሪ ያለው ሰው ያንን አልጋ ባይይዝ ይሻላል። የምትረዱ ከሆነ በገንዘብም በጉልበትም እርዱ። በክፍያ የሚሠሩት ጥቂት ናቸው። ለጎጃም ሰው ደግሞ ርቀቱ ትልቅ ነገር ነው። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። መንገድ ቢዘጋ፣ ኔትወርክ ቢጠፋ፣ ማን ይደርስላቸዋል? እዚያው ከተማ የሚኖር አንድ የቅርብ ዘመድ ከሌለ እኔ አልመክርም። ወላጁ አልጋ ላይ ከዋሉና ቤት ያለው ሰው አቅም ካለቀ ግን ጥሩ ማዕከል ከደከመ ቤት ይሻላል። ይህን ማመን በደል አይደለም።

ማዕከሉን ስትጎበኙ

ሁለት ጊዜ ሂዱ። አንዴ በቀጠሮ፣ አንዴ ሳትናገሩ። ሁለተኛው ከመሸ በኋላ ይሁን፣ እራት ከተበላ በኋላ። ቀን የጸዳ ቤት ማታ ሌላ መልክ ሊኖረው ይችላል።

ስትገቡ መጀመሪያ አፍንጫችሁን እመኑ። አንድ ክፍል የሽንት ሽታ ቢኖረው ያጋጥማል። ኮሪደሩ ሁሉ ከሸተተ ግን ሰው በጊዜው አይቀየርም ማለት ነው። የአረጋውያኑን ጥፍር ተመልከቱ። ከንፈራቸው ደርቋል? ውኃ እጃቸው በሚደርስበት ቦታ ተቀምጧል? ሠራተኛ ሲገባ ፊታቸው ይፈታል ወይስ አንገታቸውን ይደፋሉ? ይህ የመጨረሻው ከሁሉም ይበልጣል። ሠራተኞቹ በስማቸው ይጠሯቸዋል? «አንቱ» ይሏቸዋል? የጎጃም ሽማግሌ ከልጅ ልጁ እኩያ አንተ ሲባል ይሰብረዋል።

ሽንት ቤቱን ገብታችሁ እዩ። መቀመጫ አለው? ግድግዳው ላይ የሚይዙት ብረት አለ? ወለሉ ያንሸራትታል? ሌሊት መብራት አለ? መብራት ሲጠፋስ?

ከዚያ ኃላፊውን አግኝታችሁ ጠይቁ። ሌሊት ስንት ሠራተኛ ለስንት ሰው ያድራል? ነቅቶ ነው የሚያድረው ወይስ ተኝቶ? መድኃኒት የሚሰጠው ማነው፣ የትስ ይመዘገባል? መዝገቡን አሳዩን በሉ። ቢወድቁ የማን መኪና፣ ወደየትኛው ሆስፒታል ይወስዳቸዋል? ከአልጋ መነሳት የማይችል ሰው በየስንት ሰዓቱ ይገላበጣል? መልሱ ወደ ሁለት ሰዓት መቅረብ አለበት። አለዚያ ወገባቸውና ተረከዛቸው ይቆስላል። ቁስሉ አንዴ ከከፋ ማዳኑ ከባድ ነው። በጾም ቀን ምን ይበላሉ? ሙስሊም ከሆኑ የዉዱእ ውኃና የሚሰግዱበት ቦታ አለ? በሽታቸው ቢብስ ታቆዩአቸዋላችሁ ወይስ ውሰዱ ትሉናላችሁ? ይህን ጥያቄ ብዙ ሰው ይረሳዋል። ከስድስት ወር በኋላ በስልክ «ኑና ውሰዱ» ሲባል ይደነግጣል።

ቤተሰብ የሚገባበትን ሰዓት በጣም የሚያጠብ ቦታ ይቅርባችሁ። ፈቃዱንም ጠይቁ። የአካባቢው የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ስለ ቦታው ምን እንደሚያውቁ ብትጠይቁ ጥሩ ነው።

ሴት ስትቀጥሩም ያው ነው። ዋስ ያዙ፣ ከዚህ በፊት የሠራችበትን ቤት ደውላችሁ ጠይቁ። እንዴት ደግፎ ማንሳት እንዳለባት ከነርስ ጋር አንድ ከሰዓት ትማር። የእረፍት ቀኗንም አክብሩ። የደከመች ሴት ሌሊት አትነቃም።

ገንዘቡና መሬቱ

የቤተሰብ ሕጋችን ልጅ የተቸገረ ወላጁን የመጦር ግዴታ ይጥልበታል። በተግባር ግን አንዱ ይከፍላል፣ አንዱ ይደክማል፣ አንዱ ይመክራል። ቁጭ ብላችሁ በጽሑፍ ተከፋፈሉ። አብሮ የሚኖረውን ልጅ ድካም እንደ መዋጮ ቁጠሩለት። በየወሩ አንድ ቅዳሜና እሁድ ሌላው ልጅ ሄዶ ይተካው። እህቴ ያለ እረፍት ስድስት ወር ቆይታ አንድ ቀን ስልክ ላይ አለቀሰች። እስከዚያ ቀን ማናችንም አልገባንም ነበር።

ወላጃችሁ ገበሬ ከሆኑ ጡረታቸው መሬታቸው ነው። በመጋዞ (ምርቱን ለመካፈል) ወይም በኪራይ ስትሰጡት ውሉ በጽሑፍ ይሁንና መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ይመዝገብ። እህሉ ሲገባ የእሳቸው ድርሻ ለእሳቸው ቀለብ ይዋል። «እኔ እጦርዎታለሁ፣ መሬቱን በስጦታ ይስጡኝ» የሚል ሰው ሲመጣ አትቸኩሉ። ጧሪነቱ ቢያንስ አንድ ክረምት ይታይ። የይዞታ ደብተሩም ከእሳቸው እጅ አይውጣ።

ከገቡ በኋላ

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከባድ ናቸው። የራሳቸውን ጋቢ፣ ጀበናና የለመዱትን መቀመጫ ይዘው ይግቡ። ከአልጋው እስከ ሽንት ቤት ያለው መንገድ ላይ ምንጣፍ አይነጠፍ። ፖፖ ከአልጋው ሥር ይቀመጥ። ምርኩዛቸው ሁልጊዜ በአንድ በኩል ይሁን።

በየቀኑ ደውሉ። «ደህና ነሽ?» ብቻ አትበሉ። «ትናንት ሌሊት ስንት ጊዜ ተነሳሽ? ማን መጣልሽ?» በሉ። በሦስተኛው ወር ልጆቹ ሁሉ ተሰብሰቡና መጀመሪያ የጠየቃችኋቸውን እንደገና ጠይቋቸው። እኛ በአራተኛው ወር እናታችንን ከባሕር ዳር ያነሳናት እንዲህ ጠይቀን ነው። ባለፈው ሳምንት ደውዬ «ሌሊት ማን ተነሳልሽ?» አልኳት። «ልጅቷ ከእኔ ቀድማ ትነቃለች» አለችኝ።