የተራራ ሳይክል ፊክስድ ሲደረግ ካቴናው መውለቁ እንዴት ተስተካከለ

ፊክስድ ማለት ፔዳሉ ከኋላ ጎማው ጋር ሁልጊዜ አብሮ የሚዞርበት ሳይክል ነው፤ ካቴናው ከላላ ይወልቃል። የፍሬሙ የኋላ አክስል መግቢያ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የተቆረጠ ስለሆነ ጎማውን ወደ ኋላ ስቦ ካቴና መወጠር አይቻልም። ባለ ስፕሪንግ መወጠሪያም አይሆንም፤ ፔዳሉ ወደ ኋላ ሲታገል ኃይሉ ወደ ታችኛው ካቴና ይዞርና መወጠሪያውን ያጣምመዋል።

የሠራው መፍትሔ የጥርስ ቁጥር መቀየር ነው። አንድ ጥርስ ሲጨመር በፔዳሉና በኋላ ጎማው አክስሎች መካከል ካለው ርቀት ወደ 3.2 ሚሊሜትር የሚጠጋ ለውጥ ያመጣል፤ በካቴናው ላይ ግማሽ ማያያዣ (አንድ ነጠላ የካቴና ዓይን) መጨመር ወይም መቀነስ ደግሞ 6.35 ሚሊሜትር። ከፊት 32፣ ከኋላ 16 ጥርስ (32 በ16) ሲሆን ላልቶ የነበረው ካቴና በ33 በ16 ልክ መጣ። ፔዳሉን እያዞሩ በጣም በሚጠብቅበት ቦታ ይለኩ፤ የፊት ጥርስ ፍጹም ክብ አይደለምና።

የኋላ ጥርሱ በግራ የሚጠብቅ የመቆለፊያ ቀለበት ከሌለው ወደ ኋላ ሲታገሉ ይፈታል። ፔዳሉን ወደ ኋላ በመታገል ፍጥነት መቀነስ ቢቻልም የፊት ፍሬኑን ግን አይንቀሉ።